ከፕላኔቷ ሥር ያለው ክፍል

ጥቅምት 3

ለልጄ ለቀለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፣ ከጉልበቴ በቀር። እሱም ደረጃ ሲያይ ነው የሚያኮርፈው፤ ሜዳ ላይ ሰላም ነው። ያለሽበት ይመችሽ፤ የያዝሽው ይቅናሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ።

ባለፈው የመጣው ደብዳቤሽ ግማሽ ገጽ አይሞላም። "ሥራ በዝቶብኛል" ይላል፤ ከዚያ ስምሽ ነው። ደጋግሜ ሳነበው በቃሌ ያዝኩት፤ ምን የሚያዝ ነገር ኖሮት! ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ "ልጅሽ እዚያ ውጭ አገር ምንድን ነው የምትሠራው?" ብላ ጠየቀችኝ። "በኮምፒውተር ሰማይ ትሥላለች" አልኳት። "ሰማይ ደግሞ ምኑ ይሣላል? ሰማያዊ ቀብቶ ወደ ቤት መግባት ነው" ብላ በመቀሷ እየጠቆመችኝ ሳቀች። እኔም አላውቀውማ።

አጎትሽ ካረፈ ስድስት ዓመት ሞላው። ቤቱ ለአንድ ሰው ሰፊ ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አነባለሁ። ፊደል ራሴን ያስተማርኩ ስለሆንኩ እስካሁን ከንፈሬ ሳይንቀሳቀስ ማንበብ አይሆንልኝም፤ ልብስ ሰፊዋ በግድግዳው ማዶ "እንግዳ መጣብሽ እንዴ?" ትለኛለች።

እስቲ አንድ ሥራሽን አሳዪኝ። ከመንገዱ ማዶ ያለው አታሚ በኮምፒውተር ከላክሽለት በወረቀት ያወጣልኛል። አድራሻውን ከጀርባ ጽፌልሻለሁ። ስልክ ግን አትደውዪ፤ ድምፅሽን ስሰማ የምለው ሁሉ ይጠፋኛል።

እትዬሽ


ጥቅምት 29

ለማከብርዎት እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትዎን ፈጣሪ ይማርልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

ሥራዬ እንዲህ ነው። አንድ ኩባንያ የኮምፒውተር ጨዋታ እያዘጋጀ ነው። ጨዋታው ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየውን ሥዕል የምሠራው እኔ ነኝ። ትእዛዙ አንድ መስመር ነው፦ "የጠፋች ፕላኔት፤ ሰው የሌለባት።" መስታወት በመሰለ ሰሌዳ ላይ በፕላስቲክ ብዕር ነው የምሥለው። ቀለም የለም፣ ሽታ የለም፣ የሚታጠብ እጅ የለም። ቅርፊቷ እንደ ደረቀ ዳቦ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ እሳቱ ይታያል፤ ከጎኗ የተገነጠለው ድንጋይ ወደ ጨለማው ይበተናል። አንዲት ጨረቃ አለቻት። ጨረቃዋ ምንም እንዳልተፈጠረ ትዞራለች።

አለቃዬ አምስት ጊዜ መለሰብኝ። "ያምራል፤ ግን እሳቱ ከየት እንደ ጀመረ አይታይም" ይለኛል። ሥዕሉን ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ሳላስረክብ ኩባንያውን ብለቅ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ይለቀኛል። ስለዚህ ከክፍሌ አልወጣም። ዘጠነኛ ፎቅ ነው፤ መስኮቱ የሚከፈተው አራት ጣት ያህል ነው። በሩን በጫማ ደግፌ ገርበብ አድርጌ ስለምውል አከራዬ "አንቺ ልጅ፣ ተከራይ ነሽ ወይስ ዘበኛ?" ትለኛለች። መዝጋት አልችልም፤ እርስዎ ያውቃሉ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ለፕላኔቷ ቅርፊት የተቃጠለ እንጨት ፎቶ እፈልጋለሁ፤ በጣም ቀርቦ የተነሣ። ከጋሼ የአናጺነት ሥራ ቤት የተረፈ ጣውላ ካለ ያንን። ሌላ የማውቀው የተቃጠለ እንጨት የለም።

ሥዕሉን ለአታሚው ዛሬ ልኬያለሁ።

አክባሪዎ ቀለሜ


ታኅሣሥ 4

ለልጄ ለቀለሜ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ። መልስ ያዘገየሁት ታምሜ አይደለም።

ሥዕሉን ላሳትም ሄድኩ። አታሚው ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተውና ጭንቅላቱን አከከ። "እትዬ፣ ልጅዎ የላከችው ሥዕል አይደለም፤ ሽንኩርት ነው።"

"ደግሞ እንዴት?"

"ይላጣላ! እያንዳንዱን ነገር ለየብቻ ሠርታ ነው የደራረበችው። ጨርሳ ሳትጨፈልቀው ነው የላከችልዎት። ልላጠው?"

ላጠው አልኩት። ምናለ ባላልኩት። አንዷን ሲጫን ጭሱ ጠፋ። ሌላዋን ሲጫን ድንጋዩ ጠፋ። እሳቱ ሄደ፣ ጨረቃዋ ሄደች፣ ፕላኔቷ ራሷ ሄደች። እኔ ከሥር ባዶ ነጭ ይመጣል ብዬ ነበር። አንድ ክፍል መጣ። የጣውላ በር አለው። በሩ ላይ ከውስጥ በኩል ዝቅ ብሎ የተገጠመ መቀርቀሪያ፤ መቀርቀሪያው ላይ ደግሞ የሕፃን ልጅ እጅ።

"ይሄ የማን እጅ ነው?" አለኝ።

"እኔ እንጃ" አልኩት። ዋሸሁት። "የላዩን ብቻ አትምልኝ" ብዬ ተቀብዬው ወጣሁ።

ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ አይታ "ሰማይ ያልሽው ይሄን ነው? ምነው ስንጥቋን የሚጥፍላት ሰው ጠፋ?" አለች። እኔ ግን ወደዚያ ግድግዳ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የማነበው።

የተቃጠለ ጣውላ አልተረፈም። አጎትሽ ሁሉንም ጠርጎ አውጥቶታል። አታሚው ከሌላ ቦታ ፎቶ አንሥቶ ልኮልሻል።

እትዬሽ


ታኅሣሥ 26

ለማከብርዎት እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። አፈርኩ። መላክ የነበረብኝ የተጨፈለቀውን ነበር። ያንን ክፍል ማንም እንዲያየው አልፈለግሁም፤ በተለይ እርስዎ።

ካዩት በኋላ ዝም ማለት ግን አይሆንልኝም። የምሠራው ሁሉ ከዚያ ክፍል ነው የሚጀምረው። ባዶ ሰሌዳ ሲከፈትልኝ እጄ መጀመሪያ በሩን ይሥላል። ከዚያ ፕላኔት እደርብበታለሁ። ሌሎች ሠዓልያን ከምን እንደሚጀምሩ አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም።

ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እህቴ ሚጡ አራት። እናትና አባታችን ለትምህርት ብለው እርስዎና ጋሼ ዘንድ አስቀምጠውናል። ያን ቀን እርስዎ ገበያ ሄደዋል፤ ጋሼ ቁም ሣጥን ሊያደርስ ወጥቷል። እሳቱ ከሥራ ቤቱ ተነሥቶ በግቢው በኩል ወደ በሩ መጣ። የመንገዱ ሰዎች የመስኮቱን ብረት ነቅለው እኔን አወጡ። ሚጡ አልጋ ሥር ገብታ ነበር። በሩን ከግቢው በኩል፣ እሳቱና ጭሱ አላስጠጋ ብሏቸው፣ በረጅም እንጨት ሊገፉት ቢሞክሩም አልተከፈተም። ለምን እንዳልተከፈተ ሰው ሲጠይቅ እርስዎ "ከውስጥ ቀርቅረውት ነው፤ ትልቋ መጫወት ትወዳለች" አሉ። ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ አጠገብዎ ነበርኩ። ሰምቻለሁ።

እትዬ፣ መቀርቀሬን አላስታውስም። ስንጫወትበት እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። ስለዚህ ያላስታወስኩትን ሣልኩት።

ጋሼ ሁልጊዜ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዝቅ አድርጌ የገጠምኩት እኔ ነኝ" ይለኝ ነበር። እናቴ ግን እንዲህ አላለችም። ከቀብር መልስ "ይቺን ከዓይኔ አርቁልኝ" ነው ያለችው። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ነዎት እናቴ። አባቴ ሲሞት እንኳ አልጠራችኝም።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ሥዕሉ ላይ ልክ አልሆን አለኝ። መቀርቀሪያው ከመሬት ስንት ይርቅ ነበር? እጄ በደንብ ይደርስ ነበር?

ቀለሜ


ጥር 17

ለልጄ ለቀለሜ፣

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ሰሞኑን ውሃ ይጠፋብናል። ልብስ ሰፊዋ አዲስ የስፌት መኪና ገዛች፤ ድምፁ እንደ ወፍጮ ነው። አታሚው "ሽንኩርቷ እንዴት ናት?" እያለ ይጠይቅሻል።

የጠየቅሽኝን አላስታውስም። ብዙ ጊዜ ሆነው። እንዲህ ያለውን ነገር አታውጪ አታውርጂ። ምግብ ብዪ። ከክፍልሽ ውጪ።

እትዬሽ


የካቲት 5

እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ።

አያስታውሱም። ይሁን።

አለቃዬ ለሰባተኛ ጊዜ መለሰብኝ። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ካላስረከብኩ ውሉ ያበቃል። ቀኝ እጄ ሰሌዳው ላይ ሲያርፍ ከዚያ በር ሌላ የሚያውቀው የለም፤ ስለዚህ ከወንበሩ ጋር በሻርፕ አስሬ በግራዬ መሥራት ጀምሬያለሁ። አከራዬ ዳቦ ልታቀብለኝ ገብታ አየችኝ። የምትቀልድ ሴት ናት፤ ያን ጊዜ ግን አልቀለደችም። ዳቦውን አስቀምጣ ሻርፑን ፈታችልኝ። ስትወጣ መልሼ አሰርኩት።

ይህን የምጽፍልዎት በግራ እጄ ነው። ፊደሉ ስለተንጋደደ ይቅርታ።

ቀለሜ


የካቲት 24

ለልጄ ለቀለሜ፣

ጤናሽን ለመጠየቅ የማፍርበት ደብዳቤ ይህ ነው።

እጅሽን ፍቺው። እጅሽ ምንም አላደረገም።

ያ በር መቀርቀሪያ ብቻ አልነበረውም። ከግቢው በኩል ቁልፍ ነበረው። የቆለፍኩባችሁ እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ገበያ አልሄድኩም። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ መጽሐፍ ወደ ቤት አያውሱም፣ እዚያው ተቀምጦ ማንበብ ነው። ያን ጊዜ ማንበብ ከቻልኩ ሁለት ዓመት አይሞላኝም። ትልቅ ሴት ከተማሪ ጋር ተደርድራ በከንፈሯ ስታነብ ሰው ይስቅብኛል ብዬ ለአጎትሽም አልተናገርኩም። በሳምንት ሁለት ቀን "ገበያ" ብዬ እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ቀን አንቺ ሚጡን ይዘሽ መንገድ ወጥተሽ መኪና ለትንሽ ሳታችሁ። ከዚያ ወዲህ ስወጣ ሳታውቁብኝ ቀስ ብዬ ከውጭ እቆልፍ ጀመር። ደግ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ያን ቀን የያዝኩት ታሪክ ሊያልቅ ደርሶ ነበርና አንድ ምዕራፍ ጨመርኩ። አንድ ምዕራፍ፣ ልጄ።

ስመጣ ሰው ግቢውን ሞልቶታል። አንቺ ወጥተሻል። በሩ ወድቋል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ አመዱ ውስጥ የበሩን ብረት አየሁት፤ ቁልፉ እንደ ተቆለፈ እላዩ ላይ ነው። አነሣሁት። ገና ይፋጅ ነበር። መዳፌ ላይ ያለውን ጠባሳ "ብረት ድስት ነው" ያልኩሽ እሱ ነው። ኪሴ ከተትኩት። ወዲያው አንዱ "በሩ ለምን እምቢ አለ?" አለ። እኔም ያን ተናገርኩ። ቀድሜ አላሰብኩትም። ከአፌ የወጣው ነው። ከወጣ በኋላ ግን እሱን መመለስ ትቼ እሱን መጠበቅ ሥራዬ ሆነ።

ይህ ብቻ ቢሆን። አጎትሽ "ዝቅ አድርጌ የገጠምኩት እኔ ነኝ" እያለ ሲያለቅስ እያየሁ ዝም አልኩ። እናትሽ "አርቁልኝ" ስትል ዝም አልኩ። ልጅ አልወለድኩም። አንቺ ለኔ ቀረሽልኝ። ጠጉርሽን ስሠራ፣ ደብተርሽን ስሸፍን፣ እውነቱን ብናገር እናትሽ መጥታ ትወስድሻለች ብዬ እፈራ ነበር። ከፍርድ ይልቅ የፈራሁት እሱን ነው።

አታሚው "የማን እጅ ነው?" ሲለኝ ማለት የነበረብኝ ይህን ነው፦ የማንም እጅ አይደለም። እኔ በአፌ የሠራሁት ነው። አንቺ አምነሽኝ ሣልሽው።

ይቅር በዪኝ አልልሽም። መልስ ባትጽፊልኝም አልፈርድብሽም። እጅሽን ግን ፍቺው።

የአጎትሽ ሚስት


ግንቦት 8

ደብዳቤው ከደረሰኝ ሁለት ወር አለፈው። ሰላምታ መጻፍ አልቻልኩም።

እጁን ከሥዕሉ ላይ አጠፋሁት። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው። ሃያ አራት ዓመት፣ ከዚያ አንድ ጊዜ መጫን። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጬ እስኪመሽ አልተነሣሁም።

ሥራውን አስረክቤያለሁ። እሳቱ ከየት እንደ ጀመረ አሁን ይታያል። ከውጭ ነው። አለቃዬ ወደደው፤ ሁለተኛ ፕላኔት አዘዘኝ፤ ፈቃዴም በእሱ ልክ ታደሰ። ስለዚህ አሁንም እዚሁ ክፍል ነኝ።

የሚያንገበግበኝ ጋሼ ነው። ይቅርታ የሚጠይቀኝ ሰው ሁልጊዜ እሱ ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ተናድጄ "አዎ፣ ያንተ ጥፋት ነው" ብዬዋለሁ። አሁን የት ሄጄ ልንገረው?

ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይሂዱና ለእናቴ ይንገሯት። በደብዳቤ አይደለም፤ ማንበብ አትችልም፣ ደግሞም ሌላ ሰው እንዲያነብላት አልፈልግም። በአፍዎ። ዓይኗን እያዩ። ያን እስኪያደርጉ አይጻፉልኝ።

ቀለሜ


ሰኔ 19

ለቀለሜ፣

የምጽፍልሽ ከእናትሽ ቤት ነው።

አውቶቡሱ ቀኑን ሙሉ ሄደ። ደጁን ሳንኳኳ ራሷ ከፈተች። አርጅታለች፤ ቁመቷ ግን እንዳለ ነው። "የወንድሜ ሚስት! ምን እግር ጣለሽ?" ብላ ልትስመኝ መጣች። "አትሳሚኝ፤ መጀመሪያ ስሚኝ" አልኳት። በር ላይ እንደ ቆምን ነገርኳት። ስለ ቁልፉም፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱም፣ አመድ ውስጥ ስላነሣሁትም። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ወደ ውስጥ ገባች። በሩን ክፍት ትታልኝ ነበርና ተከትያት ገባሁ።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ምግብ ታስቀምጥልኛለች፤ ሳህኑን ታነሣለች። ልሂድ ብዬ ቦርሳዬን ሳነሣ ተቀብላኝ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ዛሬ ጠዋት መጥታ ከፊቴ ተቀመጠች።

"ወረቀት አለሽ?"

"አለኝ።"

"እኔ የምልሽን ጻፊ። ያንቺን አይደለም፤ የኔን።"

እንዳለችው ይኸው፦

"ልጄ፣ እናትሽ ነኝ። ጤናሽን አልጠይቅም፤ ሃያ አራት ዓመት ሳልጠይቅ ኖሬ ዛሬ በምን አፌ። አንቺን ጠልቼሽ አልነበረም። እጅሽን ማየት ፈርቼ ነው። ባየሁት ቁጥር የማደርገውን አላውቅም ነበር። አባትሽ ሊሞት ሲል 'ጥሪያት' አለኝ፤ እምቢ አልኩት። እሱንም ከነጥያቄው ቀበርኩት። አሁን የምጠላው ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የምለውን ይጽፋል። እያለቀሰች ነው፤ ታልቅስ። ላንቺ የምለው በእሷ እጅ ማለፉ ያቃጥለኛል። ግን ሌላ እጅ የለኝም፤ ደጅ ወጥቼ ይህን ለጎረቤት አላስጽፍም። ያንቺ እንዳልነበረ ሰምቻለሁ። ሰምቻለሁ ነው የምልሽ። ከዚህ በላይ ዛሬ አልችልም። የምትዪኝ ካለ በዪኝ። ስድብም ከሆነ ስደቢኝ።"

"አንብቢልኝ" አለችኝ። አነበብኩላት።

"ያልኩትን ነው የጻፍሽው? አልጨመርሽም?"

"አልጨመርኩም።"

"አንቺ መጨመር ታውቂበታለሽ። ደግመሽ አንብቢ።"

ደግሜ አነበብኩ። ሦስተኛም አስነበበችኝ፤ አንድ ቃል ይለወጥ እንደሆነ ከንፈሬን ነበር የምታየው።

ከዚያ "እንግዲህ ልሂድ?" አልኳት።

"ወዴት?"

"ወደ ቤቴ።"

"መልሱን ማን ሊያነብልኝ ነው?" አለች። ተነሥታ አልጋዬን አነጠፈች።

ስለዚህ መልስሽን በዚህ አድራሻ ላኪ። የማነብላት እኔ ነኝ፤ የሚያነብላት ሌላ ሰው የለም፣ ሌላ ሰውም አትፈልግም። ስትጽፊ እኔን አታስቢ። ስለ እኔ የምትዪው ካለ አታለዝቢው። የጻፍሽውን ሁሉ፣ የመጨረሻዋን ቃል ሳይቀር፣ ፊቷ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።

የአጎትሽ ሚስት